ወደ ኋላ የሄደው ግጥም

ግጥም ወደ ኋላ ሲሄድ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ብቻዬን መሆኔ ይከብደኛል። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለሥልጣናት በተቀመጡበት፣ ተራራ ሙሉ ሰው እያየ፣ አንድ ግጥም ከነፊደሎቹ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ግጥሙ የራሴ ነበር። ድምፅ ማጉያውን የያዝሁትም እኔው ነበርሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አሥረኛው የአብዮት በዓል ካለፈ በኋላ። ያኔ ከአዘዞ ከፍ ብሎ ባለው አራዳ ውስጥ፣ እትዬ ብርቄ ከሚባሉ ሴትዮ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ማትሪክ ወድቄያለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ለቅሶ ቤት አልቃሾችን፣ ጠጅ ቤት ደጃፍ ቆሜ አዝማሪዎችን እየሰማሁ፣ ቀለሙን በጣቴ እየቆጠርሁ ነው የተማርሁት። ግጥም ግን አያበላም። የሚያበላኝ መፈክር ነበር። የቀበሌው መፈክር ጻፊ ነበርሁ፤ አቡጀዲ ይሰጡኛል፣ ቀይ ቀለም ይሰጡኛል፣ የሚወድመውንና የሚያብበውን ይነግሩኛል። በዚህ ሥራ ፊደልን በደንብ አወቅሁ። «ኢምፔሪያሊዝም» ለምሳሌ ለመፈክር ጻፊ መከራ ነው። ቃሉ ረጅም፣ ጨርቁ አጭር። በእኔ እጅ ስንት ጊዜ «ኢምፔሪያሊ» ብቻ እንደወደመ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ስንታየሁ ከአዲስ አበባ በዓል አይቶ ከመጣ ጀምሮ የሚያወራውን ወሬ እኔም ዘንድ ይዞ መጣ።

«አንተ፣ ፊደል ሲንቀሳቀስ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም ጓድ።»

«እኔ አየሁ። ስታዲየም ሙሉ ሰው ይቀመጣል። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም የያዘውን ካርድ ይገለብጣል፤ መፈክር ይሆናል። ደግሞ ይነፋል፤ ትራክተር ይሆናል። ደግሞ ይነፋል፤ ዶሮ ይሆናል።»

«ዶሮ?»

«ርግብ ሊሆን ይችላል። ሩቅ ነበርሁ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን ያኔ ዝም ማለት አላውቅም ነበር። «ተቀምጦ ካርድ መገልበጥማ ምኑ ይደንቃል?» አልሁ። «ፊደሉ ራሱ ተነሥቶ ቢሄድ ነው እንጂ! አንዱ ቃል ፈርሶ ሌላው ቢሠራ፣ ግጥሙ እየተነበበ ፊደሉ ሜዳ ላይ ቢራመድ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጓድ ስንታየሁ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ተመለከተኝ።

«ለዘንድሮው በዓል ትሠራዋለህ» አለኝ። «ከሰመረ የኪነት ቡድን ውስጥ አስገባሃለሁ። ካልሰመረ ደግሞ…» ቀሪውን በአገጩ ጨረሰው። የጠቆመኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። በጣም ያማረ ጽሕፈት ነበር።

በማግሥቱ ግጥሙን አቀረብሁ፦

ጉም ከገደል ወጥቶ ደመና ሆነና፣
ዝናም ሆኖ ወርዶ ዘር አበቀለና፣
እሸት ሆኖ መጣ ደጄ እንደገና።

ጓድ ስንታየሁ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጥሩ ነው። ግን ይህ ‹ደጄ› የሚለው የግል ደጅ ነው። ‹ደጃችን› በለው።»

«ጓድ፣ አንድ ቀለም ይተርፋል። ቤቱ ያነክሳል።»

«አብዮት በቀለም አይለካም። ያነክስ።»

ስለዚህ «ደጃችን» ሆነና እያነከሰ ቀረ።

ከዚያ ክፍሌን ዘግቼ ንድፉን ጀመርሁ። ከግጥሙ አምስት ቃላት መረጥሁ፦ ጉም፣ ደመና፣ ዝናም፣ ዘር፣ እሸት። ሰፌድ ተበደርሁና በያንዳንዱ የሽምብራ ፍሬ ላይ አንድ ፊደል ጽፌ፣ በጣቴ እየገፋሁ አስኬዳቸው ጀመር። ያን ሰሞን የነበረኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። የ«ጉም» ፊደሎች ዝግ ብለው፣ እየተወዛወዙ ይገባሉ። የ«ደመና» ፊደሎች ተጠጋግተው መጥተው ቀስ በቀስ ይራራቃሉ፤ ደመና ይሰፋላ! ከዚያ «ም» ከጉም ወጥቶ፣ «ና» ከደመና ወጥቶ፣ ከ«ዝ» ጋር ተገናኝተው በሩጫ ቁልቁል ሲወርዱ ዝናም ይሆናል። «ዘር» መሬት ላይ ይተኛል። «እሸት» ከተኛበት ብድግ ይላል። ሁለት ፊደል ደግሜ ስለተጠቀምሁ ጨርቅ ተረፈኝ፤ በዚያ ሙያ ውስጥ ይህ ትልቅ ድል ነው።

ቀለም ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሰፌዱ ላይ «ደመና» የለም።

«እትዬ ብርቄ፣ ሰፌዴን የነካ አለ?»

«እኔ ነኝ፤ ጥቂት ዘገን አደረግሁ» አሉኝ፤ አፋቸው ገና አላረፈም። «ምነው ልጄ፣ ሽምብራህ ቀለም ቀለም አለኝሳ?»

«ግጥሜን ነው የቆረጠሙት!»

«እና ጨው ቢጤ አታደርግበትም ነበር?»

ፊደሎቹን የሚሸከም ሰው ሲፈለግ ጓድ ስንታየሁ ሌላ ሐሳብ መጣለት። «በመሠረተ ትምህርት መሃይምነትን ድል የነሣ ገበሬ ራሱ ፊደል ይሁን!» አለ። ከመካነ ብርሃን በማኪና ተጭነው ሃያ ያህል ደገኞች መጡ። እያንዳንዱ ፊደል በሁለት እንጨት መካከል በተወጠረ አቡጀዲ ላይ ትልቅ ሆኖ ተጽፏል፤ ሁለት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እንጨቱን ይዞ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሜዳው ከአዘዞ መንገድ ወረድ ብሎ ያለ ገላጣ ነው። ተመልካቹ ዳገቱ ላይ፣ እንግዶቹ መድረክ ላይ፣ ፊደሎቼ ደግሞ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ተደብቀው አንድ ባንድ ተሰልፈው ይገባሉ፤ መሐል ሲደርሱ ወደ ተመልካቹ ይዞራሉ። ንድፌ ይህ ነበር።

የልምምዱ ቀን ፊሽካ ነፋሁ። መጀመሪያ መግባት የነበረበት «ጉ» ነው። «ጉ»ን ከያዙት ሁለቱ ፊተኛው አዳነ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ንቅንቅ አላለም።

«ግባ እንጂ!»

«አያ ቸኮል ቆመው?» አለኝ ደንግጦ። አያ ቸኮል በሰልፉ መጨረሻ «ት»ን ይዘው የቆሙ ሽበታም ናቸው። «አባቴን ክርስትና ያነሡ ሰው ናቸው። እሳቸውን ቀድሜ አልገባም።»

«ይህ ቤት አይደለም፣ ሜዳ ነው!»

«ሜዳም ቢሆን መሬት ነው» አለኝ።

አያ ቸኮል ከኋላ ሆነው «ግባ አንተ ልጅ፣ መንግሥት ብሏል!» አሉት። አዳነም «መንግሥት ቢል እኔ አልልም» ብሎ እንጨቱን ተከለ። የሰማ ካድሬ አልነበረም፤ እግዜር ይመስገን።

ብልሃት ዘየድሁ። ፊደሉን ሁሉ በዕድሜ ደለደልሁት። «ጉ» ለአያ ቸኮል፣ ከዚያ እያለ እያለ «ት» ለትንሹ። ሠራ! ሦስት ጊዜ ደጋገምን፤ ጉሙ ተነሣ፣ ዝናሙ ወረደ፣ እሸቱ ብድግ አለ። ጓድ ስንታየሁ መጥቶ አየና «እንደ ዶሮዋ ነው!» አለ። ከዚህ በላይ ምስጋና አልጠበቅሁም።

የበዓሉ ጧት ከመካነ ብርሃን ሁለተኛ ማኪና መጣ። ከማኪናዋ አያ መኩሪያ የሚባሉ፣ ነጠላቸው የጸዳ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሽማግሌ ወረዱ። «ም»ን የያዘው ሰው ሆዱን ታሞ አድሮ ነበርና፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው «ም»ን ለአያ መኩሪያ አስረከቧቸው። ዕድሜያቸውም ለሁለተኛ ቦታ የሚስማማ መሰለኝ። «ሸጋ ነው» ብዬ ወደ ድምፅ ማጉያዬ ሄድሁ። አንድ ነገር አልጠየቅሁም። ማን ያስባል? በዚያው ዓመት የአያ መኩሪያ ወንድ ልጅ የአያ ቸኮልን ሴት ልጅ አግብቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትኩስ አማቾች ናቸው።

አማች ማለት ምን እንደሆነ ለደጋ ሰው አይነገርም። አማች ሲገባ ከመቀመጫ ይነሣል፤ አማች ሳይበላ አይበላም፤ አማችን ቀድሞ በር ማለፍ ልጅን ከትዳር ማስፈታት ነው።

ንግግሩ አለቀ። ጭብጨባው አለቀ። ተራዬ ደረሰና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ጉም ከገደል ወጥቶ…» አልሁ።

ባሕር ዛፉ ተነቃነቀ። «ጉ» ብቅ አለ። ተመልካቹ «ኧ!» አለ። «ጉ» ሁለት እርምጃ ገባና ቆመ። አያ ቸኮል ወደ ኋላ ዘወር አሉ። ድምፅ ማጉያው እኔ ዘንድ ቢሆንም፣ ሜዳው ጸጥ ስላለ ሁሉም ይሰማል።

«አንቱ ይቅደሙ እንጂ» አሉ አያ ቸኮል።

«ኧረ ምነው!» አሉ አያ መኩሪያ። «እኔ? አንቱን ቀድሜ?»

«ልጄን የሰጠሁዎት ሰው ነዎት።»

«ልጅዎን የተቀበልሁ ነኝ፤ ከተቀባይ ሰጪ ይቀድማል። ይግቡ!»

«አይሆንም!»

ይህን ሲሉ አያ ቸኮል ለአማቻቸው መንገድ ሊለቁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። አያ መኩሪያም እንዳይበለጡ ሁለት እርምጃ ተመለሱ። «ጉም» እየተወዛወዘ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ከኋላቸው ያሉት ፊደሎች ደግሞ ሽማግሌ እያፈገፈገ ወጣት ፊት ለፊት አይቆምምና፣ እነሱም በአክብሮት ወደ ኋላ። እኔ በድንጋጤ «ጉም ከገደል ወጥቶ» የሚለውን ደገምሁት። ጉሙ ወደ ገደሉ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ሜዳው ላይ ምንም ፊደል የለም፤ ከባሕር ዛፉ መካከል «አንቱ»፣ «ኧረ አንቱ» የሚል ብቻ ይሰማል።

ጓድ ስንታየሁ ከጎኔ ደርሶ ጆሮዬ ሥር አፉን ደቀነ። ላቡ አንገቴ ላይ ጠብ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማፈግፈግ? ከላይ እንግዳ በመጡበት ቀን ገበሬው ያፈገፍጋል?»

«አማቾች ናቸው ጓድ…»

«ነገ ትሄዳለህ! ነገ! ፀጉርህን ዛሬ ማታ ተላጭ!»

የተላጨ ጭንቅላቴ ታየኝ። ጭንቅላቴ ደግሞ ለመላጨት አይመችም፤ ከኋላ ሾጠጥ ያለ ነው። በዚህ ሰዓት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቶቼ ቀለም መቁጠር ጀመሩ። ጠጅ ቤት ደጃፍ የለመድሁት ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ አዝማሪ ሲጨንቀው ዝም አይልም፣ ያየውን ይላል። ድምፅ ማጉያውን አፌ ውስጥ ልከተው ምንም ያህል አልቀረኝም፦

«ጉም ያገሬ ሰው ነው ይሉኝታ ያሰረው፣
ግባ ሲሉት ሸሽቶ ደጃፍ ላይ የቀረው!»

አንዲት ሴት ዳገቱ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቁ ቁልቁል ተንከባለለ። ሰው አጨበጨበ። ጓድ ስንታየሁ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ለማወቅ ወደ መድረኩ አየ።

የጀመርሁትን መጨረስ ነበረብኝ። እንግዳ ደጃፍ ላይ ሲያመነታ ባለቤት ምን እንደሚያደርግ አስቡ። ይለምናል። እንቢ ሲሉት ይገዝታል።

«አያ ቸኮል! አያ መኩሪያ! በሞቴ!» ብዬ በመንግሥት ድምፅ ማጉያ ጮህሁ። «ማንም ማንንም አይቅደም፤ በሞቴ፣ ጎን ለጎን ግቡ!»

ዳገቱ ላይ ያለው ሕዝብ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። «በሞቴ!» አለ አንዱ። «እኔ ልሙት!» አለ ሌላው። ወዲያው ተራራው በሙሉ ሁለት ሽማግሌዎችን ይለምን ጀመር። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሞት ማን ይችላል? ባሕር ዛፉ ተገለጠና አያ ቸኮልና አያ መኩሪያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ፣ አንዱ አንዱን በስንዝር እንዳይቀድም በዓይናቸው ጥግ እየተጠባበቁ ገቡ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እኔ ፊደሎቹን እንደ ወታደር አንድ ባንድ ነበር ያሰለፍኋቸው፤ መሐል ደርሰው እስኪዞሩ ድረስ ማንም ምንም አያነብም ነበር። አሁን ግን ጎን ለጎን ስለመጡ፣ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ቃል ናቸው። «ጉም» ራሱ፣ ሙሉ ጉም፣ ከዛፉ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ መጣ። ስንት ቀን ሽምብራ ስገፋ ይህ አልታየኝም። ለነገሩ ሽምብራ አማች የለውም።

የቀሩት ፊደሎችም ታዲያ ያለ «በሞቴ» አንገባም አሉ። እኔ «ደመና፣ በሞቴ!» እላለሁ፤ ሕዝቡ «በሞቴ!» ይላል፤ ሦስቱ ፊደሎች ተያይዘው ይገባሉ፣ ይሰፋሉ። «ዝናም፣ በሞቴ ውረድ!» ሲባል አያ መኩሪያ መጀመሪያ «ጉ»ን ተሰናበቱ፤ ጎንበስ ብለው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ ሮጡ ብላችሁ እንዳታስቡ። እንደ ሽማግሌ ነው የሄዱት። እኔም፦

«ቀስ ያለ ዝናም ነው መሬት የሚያረካ፣
የሚሮጠውማ ጎርፍ ነው ለካ!»

አልሁ። ሁለተኛው ስንኝ እንደ «ደጃችን» ያነክሳል፤ በዚያ ሰዓት የቆጠረ ግን አልነበረም። «ዘር» ተኛ። «እሸት» ብድግ ሲል አሁን «ሸ»ን የያዘው አዳነ በደስታ እንጨቱን ከመጠን በላይ ወደ ላይ ወረወረና «ሸ» ለጥቂት ጊዜ ሰማይ ላይ ቆየች። ዳገቱ በእልልታ ቀለጠ።

ወዲያው ግን አንድ ሰው መጥቶ «መድረክ ላይ ትፈለጋለህ» አለኝ። ማጉያውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከላይ የመጡት እንግዳ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ማልቀሳቸው ይሁን መሳቃቸው አይለይም።

«ይህን ያዘጋጀው ማን ነው?»

«እሱ ነው፣ ጓድ!» አለ ጓድ ስንታየሁ እኔን ወደ ፊት እየገፋ። «ብቻውን ነው የሠራው!»

«ያ ወደ ኋላ መሄዱ ታስቦበት ነው?»

እውነቱን ልናገር ወይስ ልዋሽ ስል አፌ ቀደመኝ። «ጉም ልማዱ ነው ጓድ» አልሁ። «እኛ ደጋ ጧት ጧት እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ሰውዬው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጓድ ስንታየሁ ፊቱ በራ። «እኔ በቅርብ ስመራው ነበር ጓድ፣ ሐሳቡም…»

እንግዳው ግን አልሰሙትም። በጣታቸው እኔን እያሳዩ፣ «ይህን ልጅ ወታደር ቤት እንዳትልኩት!» አሉ። «ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደውን ሠራዊት ሁሉ ‹አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም› እያስባለ ወደ ኋላ ያስኬድብናል!»

በቀልድ ነው ያሉት። ግን በዚያ ዘመን የበላይ ቀልድና የበላይ ትእዛዝ የሚለይ የቀበሌ ካድሬ አልነበረም። ጓድ ስንታየሁ ሲጽፈው አየሁ። በማግሥቱ ኪነት ቡድን ገባሁ። «ሰልፍ ባለበት አካባቢ ግን እንዳላይህ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ደስ ብሎኝ ታዘዝሁት። ፀጉሬንም አልተላጨሁም።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ግጥም ማለት እያንዳንዱን ፊደል በቦታው ገትሮ ማቆም ይመስለኝ ነበር። ቃሉን አዝዘዋለሁ፣ ይሰለፋል፣ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ቃል አላዝዝም። እንቢ ያለኝ ስንኝ ሲኖር አልቆጣውም፤ እንዴት ብዬ ልለምነው እያልሁ አስባለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የቆመውን ቃል ጠልቶት ሳይሆን አክብሮት ነው የሚቆመው። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ይገባሉ። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዱ ስንኝ በሞቴም ብትሉት አይገባም፤ እሱን እትዬ ብርቄ ይቆርጥሙት።

ሌላም ነገር አለ፤ እንደ ሳቁ አይቀልም። በዚያ ዓመት ያ ያማረ ጽሕፈቴ ለውትድርና ከጠራቸው የሰፈሬ ልጆች መካከል ያልተመለሱ አሉ። ከእኔ የሚሻሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግጥምም ይሞክሩ ነበር። ለእነሱ «ወደ ኋላ» ያለላቸው ሰው አልነበረም። እኔ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ የማወራችሁ፣ ሁለት የመካነ ብርሃን አማቾች ሜዳ መሐል «አንቱ ይቅደሙ» ስለተባባሉ ብቻ ነው።